ጥያቄ ያልቀረበበት ቅዳሜ

ቨርሊን ሆፍስታድ የሊንድራልን ከተማ በግዛቱ ምክር ቤት ለሃያ ሁለት ዓመት ሲወክሉ ረዘም ያለ ንግግር ያደረጉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእህል መጋዘን ኃላፊ ሆነው ያረጁ ሰው ስለነበሩ፣ ቃልንም እንደ ስንዴ መዝነው የሚያወጡ ዓይነት ነበሩ። ንግግሩን ያደረጉት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከእኛ መቶ ማይል ያህል በወንዙ ቁልቁል በምትገኘው በኦስካ ከተማ ኮሌጅ ጉዳይ ላይ በተመከረ ዕለት ነበር።

በዚያ ዓመት የእህል ዋጋ ወድቆ የግዛቱ ገቢ በመቀነሱ አገረ ገዥው በመንግሥት ኮሌጆች ላይ የበጀት ቅነሳ አዘዙ። ኮሌጆቹ ስድስት ናቸው። የበጀት ኮሚቴው ልማድ ከስድስቱም ላይ እኩል እየቆረጡ ወደ ቤት መመለስ ነበር፤ እንዲህ ሲደረግ ማንም ተመራጭ በከተማው ፊት ተጠያቂ አይሆንምና። ቨርሊን ግን ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ስድስት ላሞች ኖረውን የድርቆሹ መጠን ለአምስት ብቻ ቢሆን፣ ለስድስቱም ጎዶሎ እየሰጠን ሁሉንም አናከሳም። አንዷን ሸጠን አምስቱን እናጠግባለን።» የኦስካ ኮሌጅ ተዘጋ። ሊንድራል በተመራጩ ኮራ። እኔም እጃቸውን ጨብጬ «ደግ ተናገርክ» ብያለሁ። የተሸጠው የሌላ ሰው ላም ነበርና።

ድርቆሹ ግን አልበረከተም። በተከታዮቹ ዓመታት ኮሚቴው ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመልሶ ከአምስቱም ላይ ጥቂት በጥቂት መቁረጡን ቀጠለ። የእኛ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ከቀትር በኋላ መዘጋት ጀመረ፤ የነርስነት ተማሪዎች የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ክንዱ ወልቆ በፕላስተር ታሰረ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት የቨርሊን ባለቤት አርዲስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ከሞቱም በኋላ ፎቶግራፋቸው በመግቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለ ነበር፣ ቨርሊን ረቡዕ ረቡዕ ጋዜጣ ለማንበብ በሚል ምክንያት እዚያ ይቀመጡ ነበር። በገዛ ቤታቸው ጋዜጣ በየቀኑ እንደሚደርሳቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድም ሰው ግን አላነሣባቸውም።

ባለፈው ዓመት፣ ምክር ቤቱ በሚሰበሰብባቸው ሦስት የበረዶ ወራት፣ ቅነሳው እንደገና መጣ። አሁንም አንዱ ኮሌጅ ይዘጋ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ። በተማሪ ቁጥር የመጨረሻው ሊንድራል ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ማርሊስ ትቬት ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሳቸው ነግረውኛል። ኮሚቴው ዐሥራ ሰባት አባላት አሉት። ስምንቱ ይዘጋ፣ ስምንቱ አይዘጋ ብለዋል። ዐሥራ ሰባተኛው ቨርሊን ናቸው። በምክር ቤታችን ድምፅ መስጠት የከበደው አባል ስሙ ሲጠራ ወደ መተላለፊያው ወጣ ይላል፤ ይህን «ነፋስ መቀበል» ይሉታል፤ ማንም አይቀየምበትም።

«ቨርሊን፣ ጥርስህ እንዴት ነው?» አሏቸው ማርሊስ።

«ሰው ሠራሽ ነው።»

«እንግዲያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያምሃል። ሐኪም ቤት ትሄዳለህ። ስምንት ለስምንት ከሆነ ሐሳቡ ይወድቃል፤ ኮሌጃችሁም ይተርፋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንደ ወትሮው ከአምስቱም ላይ እንቆርጣለን።»

«ማለትም አምስቱንም እናስርባለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ያንን የላም ነገር ዛሬም አልተውከውም? ከአንተ በስተቀር የሚያስታውሰው እኮ የለም።»

«እኔ ካስታወስኩት መች አነሰ፣ ማርሊስ?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቨርሊን ከወንበራቸው አልተነሡም። ስማቸው ሲጠራ «እስማማለሁ» አሉ። ዘጠኝ ለስምንት ሆነ። በኮሌጁ ያሉት ተማሪዎች ጨርሰው እንዲወጡ የሁለት ዓመት ጊዜ እንዲሰጣቸው የሚለውን አንቀጽ ያስገቡት እርሳቸው ነበሩ፤ ይህን አንቀጽ ግን በሊንድራል አንድም ሰው ሲጠቅሰው አልሰማሁም።

ዓርብ ጠዋት እንደ ወትሮው በላቮን ቁርስ ቤት፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ተሰበሰብን። ጠረጴዛው የስድስት ሽማግሌዎች ነው። በመካከላችን የቆዳ ኩባያ ይዞራል፤ በውስጡ ባለ ነጥብ ጠጠሮች አሉ፤ ጠጠር ጥሎ ትንሹ ቁጥር የወጣበት የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። ቨርሊን ከሁላችንም በላይ የሚሸነፉ ሰው ነበሩ። የዚያን ዕለት ገና ከዋናው ከተማ ስላልተመለሱ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

«ነገ ይምጣ ብቻ፣ ጥሬውን ነው የምንበላው» አለ አርሎ።

«መበላትማ ይቀለዋል» አለ የእሳት አደጋ አለቃው ዱዌን ኬስለር። «ተሰደብኩ ብሎ ያለቅሳል፤ ሰውም ያዝንለታል። እኔን ከሰማችሁ ዝም እንበለው። አንድ ጥያቄ አይጠየቅ።»

«ሁለት መቶ ሰው ዝም ታሰኛለህ?» አለው አርሎ።

«ምን አለበት? ሚስቴን ዝም ያሰኘሁ ሰው አይደለሁም?»

«መቼ? ተኝታ ሳለች?»

ተሳቀ። ላቮን ሳትስቅ ቡናችንን ቀድታ ሄደች። ዱዌን ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ አንተስ?» አለኝ።

«ዝም እላለሁ» አልኩ። ለሠላሳ አራት ዓመት በዚህች ከተማ ትምህርት ቤት ቆሜ ልጆችን «ያልገባችሁን ጠይቁ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ወቅት ተመራጮች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደየከተማቸው ተመልሰው በሕዝቡ ፊት ይቆማሉ። በእኛ ከተማ ስብሰባው በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ይካሄዳል። ሥርዐቱም የታወቀ ነው፤ ተመራጩ ንግግር አያደርግም፤ የተጠየቀውን ይመልሳል። ቨርሊን ያን ቅዳሜ በበረዶ መቶ አርባ ማይል ነድተው፣ ሰማያዊ አቃፊ በብብታቸው ይዘው ገቡ። ታጣፊ ወንበሮቹ ሞልተው ሰው በግድግዳው ጥግ ቆሟል።

ዱዌን «ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» አለ።

እጅ አልወጣም።

ቨርሊን አቃፊውን ከፈቱ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጠበቁ። የማሞቂያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድ ሰው አሳለው፤ ሳሉን እንደ ጥያቄ ቆጥረው ፈጥነው ወደዚያ ዞሩ፤ ሰውየውም አንገቱን ደፋ። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ከእኔ ዘንድ ሲደርስ ቆየ። የምጠይቀው ነገር በአፌ ውስጥ ነበር። የኮቴን ቁልፍ ማየት ጀመርኩ።

ሰዓቱ አምስት እስኪሆን ድረስ እንደዚያው ቆሙ። ከዚያም «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» ብለው፣ ሰው እየወጣ ሳለ ወንበሮቹን እያጠፉ ይደረድሩ ጀመር፤ ሁልጊዜም የሚያደርጉት ነበርና። የሚረዳቸው አልነበረም። አቃፊውን ግን በመጨረሻው ወንበር ላይ ረስተውት ሄዱ። እኔም ሰኞ እሰጣቸዋለሁ ብዬ አነሣሁት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ላቮን ቤት ሲገቡ በጠረጴዛችን ዙሪያ አምስት ወንበር ብቻ አገኙ። ስድስተኛውን አርሎ ወደ ጓዳ ወስዶት ነበር። ቨርሊን አይተው ጀርባቸውን ሰጥተውን በባንኮኒው ላይ ቡናቸውን ጠጡ። ከኋላቸው የቆዳው ኩባያ ሲንኳኳ ትከሻቸው በትንሹ ዞር ብሎ ነበር፤ ወዲያው ተመለሰ። በሁለተኛው ቀንም መጡ። በሦስተኛው ቀን አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ አልመጡም። ዘመናቸውን ጨርሰው ለዳግም ምርጫ እንደማይቀርቡ በጋዜጣ በሁለት መሥመር አስታወቁ።

አቃፊውን ዐሥር ሳምንት አስቀመጥኩት። ለምን እንዳልመለስኩት ሲጠይቁኝ ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ከፍቼ አነበብኩት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የኦስካ ጉዳይ የተመከረበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ ዲሊያ ኦርስቦ የተባለች የኦስካ ኮሌጅ የነርስነት መምህርት ለመናገር በተሰጣት ሦስት ደቂቃ መጨረሻ የጠየቀችው ተጽፏል፦ «አቶ ሆፍስታድ፣ ተራው ለእርስዎ ከተማ ሲደርስ ይህንኑ ይላሉ?» ከሥሩም፦ «አዎ፣ እመቤቴ፣ ይህንኑ እላለሁ።» መልሱ በእርሳስ ተሰምሮበታል።

የሊንድራል ኮሌጅ መዘጋት ነበረበት ወይ ብትሉኝ ዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። አዲስ ጀማሪ ልጆች አሁን ለትምህርት ሁለት መቶ ማይል ይርቃሉ፤ ዋና ጎዳናችንም ቀዝቅዟል። ምናልባት ቨርሊን ሁለቱንም ጊዜ ተሳስተው ይሆናል። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ በዚያ አዳራሽ ለሰጠው ቃል መልስ ሊሰጥ የመጣው አንድ ሰው ብቻ መሆኑና እኛ ሁለት መቶዎቹ ያን መልስ የሚሰጥበትን ጥያቄ መንፈጋችን ነው።

በረዶው ሲቀልጥ አቃፊውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ኩባያ ነበር። የአርዲስ ፎቶግራፍ ከቤተ መጻሕፍቱ ወርዶ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ፣ ገና ሳይሰቀል ቆሟል።

«ቁጭ በል» አሉኝ። ሌላ ኩባያ ፈልገው አጥበው ቡና ቀዱልኝ።

«ቨርሊን፣ የምጠይቅህ ነገር አለኝ» አልኩ። «ለምን ወጥተህ ነፋስ አልተቀበልክም?»

አቃፊውን አዩት፤ እንዳነበብኩትም ዐወቁ።

«ቅዳሜ ብትጠይቀኝ ኖሮ እመልስልህ ነበር» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «ለዚያ ነበር የመጣሁት።»

አቃፊውን ወስደው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ ወንዙ ሙላት ጥቂት አወራን። ልነሣ ስል፣

«ላቮን ወንበሬን የት አደረገችው?» አሉኝ።

«አርሎ ነው የወሰደው። ጓዳ ውስጥ አለ።»

«ደህና ወንበር ነው። እዚያ ከሚበሰብስ ለሰው ስጡት።»

በሩን እስክዘጋ ድረስ ቆመው ጠበቁኝ፤ ኩባያዬንም ወዲያው ሲያጥቡ ከውጭ ሰማሁ።