«ቤንዚኑ ነው» ያልኩ ዕለት

የሁለት ስትሮክ ሞተር ጭስ እንደሌላው ጭስ አይደለም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቃጠል ሰማያዊ ነው፤ ያረረ ስኳር የመሰለ ሽታ አለው፤ ልብስ ላይ ካረፈ ደግሞ ታጥቦም ቶሎ አይለቅም። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለችኝ ጋራዥ ትንሽ ናት። የሚመጡልኝ ሞተሮች አብዛኞቹ አዳዲስ ናቸው፣ እንዲህ አያጨሱም። በዓመት አንዴም ሁለቴም ግን አንዱ ያን ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ ሲገባ የያዝኩትን ቁልፍ አስቀምጬ ውጭ እወጣለሁ። ሠራተኞቼ ጭሱ ያፍነኛል ብለው ያስባሉ። እኔም እንደዚያው እንዲመስላቸው እተዋቸዋለሁ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። እኔ በየቀኑ ኮምቦልቻ እየወረድኩ መካኒክነት እማር ነበር፤ ታላቅ ወንድሜም እዚያው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሰው እጅ የገዛት ቀይ ስፖርት ሞተር ነበረችው። ቀላል ናት፤ ሁለት ሰው አንሥቶ ደረጃ ያወጣታል። ስትነሣ ግን እንደተቆጣ ንብ ነበር የምትጮኸው። ጠዋት ጭጋጉ ገና ከሰፈሩ ሳይለቅ እሷን አስነሥቶ ሲወጣ ድምጿ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ እስኪጠፋ ድረስ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

ጓደኞቹ ለሰርቪስ ፒያሳ ወዳለው ጋራዥ እንዲወስዳት ሲነግሩት ይስቅባቸዋል። «ቤቴ ውስጥ መካኒክ እያለችልኝ?» ይላቸዋል። «እህቴ እኮ ከዚያ ሁሉ ወንድ ትበልጣለች።» ይህን ሲል ከኋላው ቆሜ እሰማለሁ፤ ጆሮዬ ይሞቃል።

አንድ እሑድ ግቢ ውስጥ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ ሰርቪስ አደረግኋት። ካርቡሬተሯን በቤንዚን አጠብኩ፤ ካንዴላዋን በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩ፤ ካቴናዋን አጥብቄ ቀባሁ። ፀሐዩ ደስ ይል ነበር። ወንድሜ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የምጠይቀውን እያቀበለ ያወራኛል። ውሃ ላምጣልሽ ብሎ ወደ ቤት በገባበት ቅጽበት ነው እጄ የሳተው።

ያቺ ሞተር ዘይቷን የምትይዘው ለብቻው በትንሽ ቋት ነበር። ከቋቱ እየሳበች ወደ ሞተሩ የምታደርሰው አንዲት ትንሽ ፓምፕ ናት። ብሎኗ ሳይላላ ፓምፗን በጉልበት ስጎትታት ውስጧ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ቋ ብሎ ተሰበረ። መለዋወጫው ደሴም ኮምቦልቻም እንደማይገኝ አውቅ ነበር። ወንድሜ ውሃውን ይዞ ሲመለስ ፓምፗን በመዳፌ ሸፍኜ፣ «ጨረስኩ እኮ» አልኩት።

ሰብሬዋለሁ ማለት አቃተኝ። ይኸው ነው። የፓምፗን ቀዳዳ በቆርቆሮ ቁራጭ ደፍኜ ዘይቱን ራሴ በእጄ ቤንዚኑ ውስጥ መቀላቀል ጀመርኩ። ለአንድ ሊትር ቤንዚን በዘይት ጠርሙሱ ክዳን ሦስት ነው። በየጠዋቱ «ላሙቅልህ» እያልኩ ቀድሜው እወጣና ማታ የሞላውን ቤንዚን አይቼ ዘይት ጨምሬ ሞተሯን ግራ ቀኝ አወዛውዛታለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። የዘይት ቋቱ ሙሉ እንደሆነ ሲያይ ገረመው፤ «ዘይት እኮ መጠጣት ተወች! እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ያን ቀን ልነግረው ይገባኝ ነበር። ሳቅኩ።

ከዚያ የእኔ ፈተና ደረሰ። በዚያ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረድኩ። ዘይቱ ትዝ ያለኝ የፈተናው ወረቀት ፊቴ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ማታ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ቀርቷት ነበር፣ ይበቃዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሱ ግን ሊወጣ ሲል ታንከሯን ከፍቶ አየ፤ ጎረቤታችን ካለችው ቤንዚን ሻጭ ሁለት ሊትር ጨመረበት፤ ወጣ። ሐረጎን ሲወርድ ጋዙን ለቆ ቁልቁለቱን እየተንሸራተተ ነበር፤ ጋዝ ሲለቀቅ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቀንስ ሁለት ስትሮክ ዘይት የሚጠማው ያኔ ነው። አንዱ ኩርባ ላይ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ቀረ። የኋላው ጎማ ተቆለፈ።

ከፈተና ስወጣ ስልኬ ላይ ዐሥራ ሦስት ጥሪ ነበር።

ሕይወቱ ተረፈ። የቀኝ ጉልበቱ ግን ተፈረከሰ፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ነገረን። ሞተሯን በጭነት መኪና ግቢያችን አምጥተው ጣሏት። አባቴ ከጎረቤት ሰዎች ጋር ከበባትና፣ «አንቺ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

ፊታቸው ፈታኋት። ፒስተኑ ደርቆ፣ በምስማር እንደተፋቀ ተቧጭሮ ነበር። ምክንያቱን ከዓለም ሁሉ እኔ ብቻ አውቃለሁ። አፌ ግን፣ «ቤንዚኑ ነው» አለ። «ነጭ ጋዝ ሳይቀላቀልበት አይቀርም።»

ቤንዚን ሻጯ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች። ደጃፏ ላይ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች አስቀምጣ በሊትር ትሸጣለች፤ ስትሰፍር ከልኩ አሳልፋ ነው። አባቴና ሰዎቹ ደጇ ቆመው ሲጮኹባት፣ «ወላሂ እንደተቀበልኩት ነው የሰጠሁት!» እያለች ትምል ነበር። ከሰው መሐል እኔን አየችኝ። ጀሪካኑን አንሥታ እያንገዳገዳት መጣችና ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው።

«ልጄ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። አሽትተሽ ንገሪያቸው» አለችኝ።

አሸተትኩ። ንጹሕ ቤንዚን ነበር። ሁሉም እኔን ያያል። «እንጃ» አልኩ፤ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ፣ «በሽታ ብቻ አይለይም።»

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷ የሚገዛ ጠፋ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቤቷን ለቅቃ ቢስቲማ ከተማ እኅቷ ዘንድ ገባች ሲባል ሰማሁ።

ስምንት ዓመት አለፈ። ወንድሜ ከፋብሪካው ወጥቶ የስልክ ዕቃ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። እኔ ተመረቅኩ፤ ጋራዥ ከፈትኩ። ሰው ጎበዝ ይለኛል። ወንድሜም ይለኛል፤ ያመመኝ የእሱ ነው።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ኒካሕ ደረሰ። የሚጠሩትን ሰዎች ስንቆጥር እናቴ፣ «ያቺን የድሮ ጎረቤታችንንስ ብንጠራት? ክፉ ጎረቤት አልነበረችም» አለች።

ወንድሜ፣ «እግሬን የበላችውን?» አላት። «ሠርጌን እንዳትረግጥ።»

በማግስቱ ቢስቲማ ሄድኩ። ገበያው ዳር ሽንኩርት ዘርግታ አገኘኋት። ጠቁራለች፤ ከስታለች። ገና ሳልቀመጥ፣ «እግሩስ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ፓምፗን፣ ቆርቆሮውን፣ ዘይቱን፣ ፈተናውን። ስጨርስ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «እና ጀሪካኔ ንጹሕ ነበር?» አለች።

«ንጹሕ ነበር፣ እትዬ።»

«ጋዝ አልነበረበትም?»

«ጠብታም አልነበረበትም። ያን ዕለት ሳሸተውም አውቄያለሁ።»

በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። «ያመጣልኝ ሹፌር አታሎኝ ይሆናል ብዬ እኮ ነው» አለች። «የሰው ልጅ እግር በእጄ ጠፋ ብዬ፣ ስምንት ዓመት በየሶላቴ ጌታዬን አፉ በለኝ ስለው ኖርኩ። ላንቺ ወንጀል ነው እንዴ ምሕረት ስለምን የኖርኩት?»

«አፉ ይበሉኝ» አልኳት፤ ጉልበቷን ይዤ።

እጄን አላነሣችውም፤ አልያዘችውምም። «ዛሬ አልልሽም። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ዛሬ አልችልም። ሂጂ፣ መጀመሪያ ለወንድምሽ ንገሪው።»

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሄጄ ነገርኩት። የአንድ ደንበኛ ስልክ ክዳን እየፈታ ነበር፤ ካቻቢቴዋ እጁ ላይ እንዳለች አዳመጠኝ። ስለ እግሩ ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሽትተሽው ነበር?»

«አሽትቼው ነበር።»

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስገባ። ጃኬቱን ደረበና የሱቁን በር ዘጋ።

«ወዴት ነው?»

«ቢስቲማ። ለኒካሑ ልጠራት።»

ልምጣ አልኩት፤ እሱ መንገዱን ጀመረ። እስከ መናኸሪያ ከኋላው ሄድኩ። አትምጪ ስላላለኝ ሚኒባሱ ውስጥም ገባሁና ከኋላው ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። የቀኝ እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘርግቶ ነበር። ሰው ሲሞላ ረዳቱ መጣና ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ወንድም፣ እግርህን ሰብሰብ አድርጋት» አለው።

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። «ይቅርታ፣ አይታጠፍም» አለው፤ ሳይቆጣ።

ሚኒባሱ ተነሣ። ቢስቲማ እስክንደርስ ወደ ኋላ አልዞረም።