ጎማ በጆሮው የሚመርጠው ወንድሜ

ወንድሜ ጎሚስታ ነው። ሠላሳ ዓመት ጎማ ሲፈታና ሲያስር መዳፉ ራሱ ጎማ መስሏል። አንድ ልማድ አለው። ደንበኛ «ምን ዓይነት ጎማ ልግዛ?» ሲለው ቶሎ አይመልስም። ሰውየው በየቀኑ የሚመላለስበትን መንገድ አብሮት ይሄዳል፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ዓይን መኪናውን ያያል፤ ጆሮ ግን ኑሮውን ይሰማል» ይላል። ሰፈርተኛው «በሰው ነዳጅ የሚተኛ» እያለ ይቀልድበታል።

ልጄ ግን ወስና ነው የመጣችው። አባቷ ሲያርፍ የተወልን አንዲት ጉልበተኛ መኪናና አንድ ቁጥር ነው። በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በሚደረገው የአጭር ርቀት ውድድር በዐሥራ ሁለት ነጥብ አራት ሰከንድ ገብቶባታል፤ ቁጥሩን ጋራዡ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ጽፎታል። ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ ያንን ቁጥር መቅደም ትፈልጋለች። ውድድሩ ቅዳሜ ነው።

«ጋሼ፣ ለኋላው እግር ድራግ ራዲያል የሚሉትን የውድድር ጎማ እሰርልኝ» አለችው።

ሁለት ዓይነት አወጣላት። ሁለቱም ጥፍር የሚያስገቡ ለስላሳ ናቸው፤ ሲሞቁ አስፋልቱን እንደ ሙጫ ይይዛሉ። አንደኛው ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል። ሌላኛው ውሃ የሚያሳልፉ ጎድጓዳ መስመሮች አሉት።

«ባለ ጥርሱ ይዘገያል?»

«ትንሽ። ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል።»

«እኔኮ የመጣሁት ለዚያችው ቅጽበት ነው!»

ወንድሜ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ነገ ረቡዕ አይደል? እናትሽን ስትወስጂ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የምታመላልሰኝ በዚያችው መኪና ነው። ሌላ መኪና የለንም፤ የድሮዎቹ ጎማዎች አልቀዋል፣ ሁለት ዓይነት ለመግዛትም አቅሙ የለንም።

ከእጥበት ስወጣ ሰውነቴ እንደ ጥጥ ይቀልለኛል። መንገዱ በመስኮቱ በኩል ይፈስሳል፤ ጣሪያው፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ፣ የደረጃው መደገፊያ፣ ሁሉም የሚንሳፈፍ ይመስለኛል። ያን ቀን ወንድሜ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፣ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ስንሄድ፣ ልጆች ሆነን አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ የምናዳምጥ መሰለኝ። ለዚህች ለአንዲት ሰዓት ብቻ እንኳ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ድልድዩ ሥር የፈነዳ ቧንቧ አለ፤ ውሃው በጋ ከክረምት አይጠፋም። መኪናዋ እዚያ ስትደርስ አንገቴ ሳይነቃነቅ ቀስ አለች።

«ለምን ቀነስሽ?» አለ ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ውሃ አለ። ከተንሸራተትኩ ደግሞ እማን መርፌ የገባበት ክንዷን ያማታል።»

«በሳምንት ስንት ጊዜ ታልፊዋለሽ?»

«ስድስት።»

«ቅዳሜ ስንት ጊዜ ነው የምትሮጪው?»

«ሦስት...» ድምጿ ተሰበረ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ጎማ ሳይሆን ንስሐ ነው የምትሸጠው!»

ልቤ አልቻለም። «ወንድም ዓለም፣ የፈለገችውን እሰርላት። እኔ በታክሲ እሄዳለሁ» አልኩ።

ልጄ መንገዱ ዳር አቆመች። መሪውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ባለ ታክሲው ውሃው የት እንዳለ በምን ያውቅልሻል፣ እማ?» አለች። ከዚያ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየች፣ «በቃ፣ ባለ ጥርሱን እሰርልኝ። አሁን ዓይንህን ግለጥ፣ ያሰብክበት ደርሰሃል» አለችው።

ቅዳሜ ወንድሜ አስፋልቱን ይበልጥ እንዲይዙ ከኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ነፋስ ቀነሰላት። ነጭ ጭስ እስኪወጣ ድረስ ቦታዋ ላይ አሽከርክራ አሞቀቻቸው። ሦስት ጊዜ ሮጠች። ከሁሉም የተሻለው ዐሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ሰከንድ ሆነ። የራስ ቁሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ እኔም ጀርባዋን ዳበስኩት።

ነፋሱ ተመልሶ ተሞልቶ ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ ያለ የሌለ ኃይሉን አወረደው። ድልድዩ ሥር ውሃው ሐይቅ ሆኗል። ልጄ ቀስ ብላ ገባችበት። ከሥራችን ውሃው በጎማው ጥርሶች መሐል መንገድ እያገኘ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ሹክሹክታ ይመስላል። ያንን እያዳመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ጋራዡ ውስጥ ነን። ልጄ እርሳስ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ከአባቷ ቁጥር በታች የራሷን ጽፋ ከጎኑ «በእማ ጎማ» ብላ ጨምራለች።

ወንድሜ ጠጋ ብሎ አነበበና ራሱን ነቀነቀ። «የእማ ጎማ! ያሰረውስ ሰው?»

«አንተማ ተኝተህ ነበር» አለችው።