ሱናሚው ሲጠበቅ ያልተናገርኩት

አሁን በምኖርባት፣ አትላንታ አጠገብ ባለችው ስማይርና ውስጥ በወር አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ለሙከራ ይጮኻል። ጎረቤቶቼ ቀና ብለውም አያዩም፤ እኔ ግን ዛሬም ድረስ ድምፁ በመጣ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ እስኪያበቃ እቆማለሁ፤ እንዲህ ያለውን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከዚህ እጅግ ርቆ፣ በውቅያኖስ ዳርቻ ነበርና።

በዚያ ዘመን እዚሁ አትላንታ ዳር፣ ዶራቪል፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። አባዬ ኤርፖርት የመንገደኛ ሹትል ይነዳ፣ እማዬ ሮዝዌል አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር፤ የሥራ ሰዓታቸው ስለማይገጥም አንደኛው ሲገባ ሌላው እየወጣ፣ ደጃፍ ላይ የመኪና ቁልፍ ተቀባብለው ይለያዩ ነበር፤ አብረው በዋሉባቸው እሑዶች ደግሞ ይጨቃጨቁ ነበር። የእማዬ ታናሽ እህት ትርሲት በፓስፊክ ዳርቻ ባለች ትንሽ የመዝናኛ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ብርዱን ሙሉ እየደወለች፣ «እትዬ፣ ኧረ አንድ ጊዜ እንኳ ቬኬሽን ውጡ! ልጆቹ ባሕር ይዩ፣ እናንተም ትንሽ ተንፍሱ» ትላት ነበር።

የጥድ ዛፎቹ የአበባ ብናኝ የአትላንታን መኪኖች ሁሉ ቢጫ ባለበሰበት ሳምንት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄደን ትርሲት የምትሠራበት ሆቴል አረፍን። ሁዳዴ ስለነበር እማዬ አንዱን ሻንጣ ዳቦ ቆሎ ሞልታው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎን ዋልን፤ አባዬ እጄን ይዞ ከሆቴሉ በስተደቡብ እስካለው የጀልባ ማቆሚያ ወሰደኝ፣ ስንመለስም እማዬ ሱሪዋን ጠቅልላ፣ ውኃው ውስጥ ቆማ ስትስቅ አገኘናት።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ እንደተኛች፣ አባዬ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ «ሜሪ፣ ከናቲ ጋር ወደ ጀልባዎቹ ልንሄድ ነው፤ እናትሽ ስትነሳ ንገሪያት» አለኝ። ናቲ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔም ልሂድ ስለው፣ «አንቺ ትናንት ሄደሻል፤ ዛሬ የእሱ ተራ ነው» ብሎ ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እማዬ ነቅታ «አባትሽስ?» ስትለኝ ኩርፊያዬ ገና አልበረደልኝም ነበርና፣ «እኔ ምን አውቃለሁ!» አልኳት።

ሳይረኑ የጮኸው ፊቷን ታጥባ ሳትጨርስ ነበር። ወዲያው ትርሲት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩን በርግዳ ገባች።

«እትዬ፣ ተነሱ! ከውቅያኖሱ ማዶ መሬት ተንቀጥቅጦ ሱናሚ እየመጣ ነው። ሁሉም ሰው ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ይውጣ ተብሏል፤ ውኃው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት አለን። ግርማና ናቲስ?»

እማዬ አባዬ ጋ ደወለች። ስልኩ እዚያው አልጋው ራስጌ፣ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ጮኸ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን አላውቅም ካልኩ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም ነበር፤ የእማዬንም ፊት እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ፈራሁ። ትርሲትንና እኔን ይዛ፣ የተከራየነውን መኪና አስነስታ ወደ ሰሜን፣ ወደማይገኙበት በኩል ነዳች። ፓርክ እንኳ ሳታደርግ፣ መንገድ መሃል ትታው ወርዳ፣ በባዶ እግሯ አሸዋው ላይ እየሮጠች «ናቲ! ናትናኤል!» ስትል ከመኪናው መስኮት አየኋት። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ይሸሻል፣ እሷ ወደ ውኃው ትሮጣለች። አንድ ፖሊስ ክንዷን ይዞ መለሳት።

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው ቁልቁል ባሕሩን እያየ ቆሞ ነበር። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ «እመቤቴ፣ ልጄን፤ እመቤቴ፣ ባሌን» ትላለች፤ ሌላ ቃል አልነበራትም። መቋቋም ሲያቅተኝ የትርሲትን እጅ ጎትቼ፣ «ወደ ጀልባዎቹ ነው የሄዱት፤ ነግሮኝ ነበር» አልኳት። ለአፍታ ትክ ብላ አየችኝና፣ ለእማዬ ምንም ሳትል ወደ እሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሮጠች።

ከሰዓታት በኋላ አባዬና ናቲ በእሳት አደጋ መኪና መጡ። ለካ ጀልባ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ገና በጊዜ ሁለቱንም ወደ ሌላ ኮረብታ አውጥተዋቸው ኖሯል፤ አባዬ ግን እኔ ነግሬያት እማዬ ልትፈልጋቸው ወደ ጀልባዎቹ ትወርዳለች ብሎ፣ ናቲን ለሽማግሌው አደራ ሰጥቶ ብቻውን ተመልሶ ወርዶ ነበር። ውኃው እንደ ፊልም ግድግዳ ሆኖ አልመጣም፤ ዝም ብሎ ከፍ፣ ከፍ እያለ የጀልባዎቹን ገመድ በጥሶ እርስ በርስ አላተማቸው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ደርሰው ሲያወጡት አባዬን እስከ ጉልበቱ ይዞት ነበር።

እማዬ ናቲን እቅፍ አድርጋ ካለቀሰች በኋላ ተነስታ የአባዬን ደረት በሁለት እጇ መታችው። «እንዴት ሳትነግረኝ ልጄን ይዘህ ትሄዳለህ? እንዴት?»

አባዬ ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ረሳሁ» አላት። «ይቅርታ፣ ረሳሁ።»

የዚያ ዓመት ሙቀት ከገባ ጀምሮ፣ በተጨቃጨቁ ቁጥር እማዬ «አንተ እኮ ልጄን ሳትነግረኝ ለባሕር ልትሰጥ የነበርክ ሰው ነህ» ትለው ነበር፤ እሱም የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ይወጣ ነበር። ቅጠል ሲረግፍ ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ብናኙ ተመልሶ ሲመጣ፣ ልብሱን በሁለት ሻንጣ ይዞ ወጣ። በእኔ ምክንያት ብቻ እንዳልተለያዩ አውቃለሁ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ እውነቱን ለእማዬ እንድነግራት እንዲፈቅድልኝ ስለምነው፣ «ተይው ልጄ፤ እኔ እችለዋለሁ» አለኝ።

ለእማዬ የነገርኳት ባለፈው ዓመት ነው፤ ቤቷ፣ ምስር እየለቀመች ሳለ። እጇ ቆመ።

«አባትሽ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት፣ ስሰድበው?»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኳን አነሳች። «ግርማ፣ እኔ ነኝ» ስትል ሰማኋትና ከወጥ ቤቱ ወጣሁላቸው። በረንዳው ላይ ቆሜ ረጅም ጊዜ ጠበቅሁ። ልጅ ሳለሁ አፌን የዘጋው የእማዬ ቁጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን መጥታ እንድትቆጣኝ ፈለግሁ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ የምስሩን ትሪ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ሳትቆጣኝ ለቀማዋን ቀጠለች።