የካሳ መርከብ

ባሌ ጥርሴን የሰበረው በቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ይህን ስናገር ሰዎች መሳቅ ይቃጣቸዋል፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። በቡጢ ቢሆን ኖሮ ያለቅሱልኝ ነበር፣ በሪሞት ሲሆን ግን ቀልድ ይመስላል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኳስ እያየ ሳለ፣ ድምፁን ቀንስ ስላልኩት ነው። እኔም እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ አልነበርኩም። ወጥ የማማስልበትን ጭልፋ ከነትኩስ ወጡ ወረወርኩበትና አንገቱን ላጥኩት። ዳላስ ውስጥ ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነበር። እሱ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አሮጊቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። አፓርትመንታችን ውስጥ የቡጢ ቀዳዳ የሌለበት በር አልነበረም። የመኝታ ቤቱን ቀዳዳ በካላንደር ሸፍኜው ነበር።

ለምን ፖሊስ አልጠራሽም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አንድ ጊዜ ከላያችን ያለችው ጎረቤት ጠርታልኝ ነበር። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ሲጠይቁኝ ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልኳቸው፤ ምድር ቤት የሚኖር ሰው ምን ደረጃ አለው? ባሏን ያሳሰረች ሴት በእኛ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ስሟ ከዳላስ ተነስቶ በሳምንቱ ማኪኒ የሚባል ከተማ ይደርሳል። ስለዚህ በፖሊስ ፋንታ ሽማግሌ ተጠራ።

ሰኞ ጠዋት፣ ባሌ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ ግን መሃል ከተማ የፓርኪንግ በር የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ጸለዩ። ባሌ እግራቸው ላይ ወድቆ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ አንገቱ ላይ ያደረግኩለት ፋሻ ከሁሉም በላይ ይታይ ነበር። ግራ ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ሊዘጋው ደርሷል።

«ሶ፣ ልጄ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ይቅር ማለትሽ አይቀርም። ማለቴ ክርስቲያን ነሽ። ካሳ ግን ይገባሻል። ምን ይካስሽ?»

በደንቡ መሠረት ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «ምንም አልፈልግም» ማለት ነበረብኝ። ከዚያ እነሱ የአንገት ወርቅ ይፈርዱልኛል፣ እንበላለን፣ ይሄዳሉ። እኔ ግን ንዴቱ አልበረደልኝም። መጦሪያው ውስጥ በየጠዋቱ ጀርባዋን የማጥብላት አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋት አሜሪካዊት ነበረች። ግድግዳዋ ላይ ሁሉ ባሏ ከሞተ በኋላ በአውሮፓ ባሕር በመርከብ የሄደችበትን ፎቶ ለጥፋለች፤ ባርሴሎና፣ ኔፕልስ፣ ስሙን የማልይዘው ደሴት። ሳሙናውን ሳዞርላት «ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ምንም አላዘዘኝም» ትለኛለች። ያቺ አሮጊት ትዝ አለችኝ።

«በአውሮፓ ባሕር ላይ በመርከብ ይውሰደኝ» አልኩ። ለክፋት ነው ያልኩት። ትንሽ ይጨነቅ ብዬ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ክሩዝ ማለትሽ ነው?» አሉ ትልቁ።

«አዎ ጋሼ።»

ዳኝነታቸው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ ጀርባቸውን ቀና አደረጉ። «ይካስሽ» አሉ። ባሌ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ «ኦኬ» አለ። ከዚያ ዋስ ጥራ ተባለ። ባሌ የጠራቸውን ሁለት የታክሲ ጓደኞቹን ሽማግሌው አላመኗቸውም። ትንሽ አሰቡና ሁለታችንም ዜግነት አግኝተናልና ፓስፖርት እናውጣ፣ ሲመጣ የሁለታችንም ፓስፖርት እሳቸው ዘንድ መያዣ ሆኖ ይቀመጥ ብለው ፈረዱ። «እስከ ጉዞው ድረስ እጁን ካነሳብሽ መጥተሽ ያንቺን ትወስጃለሽ። የእሱ እኔ ጋ ይቀራል።»

ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። አሜሪካዊ ሰው ፓስፖርቱን ለፓርኪንግ ጠባቂ አሳልፎ አይሰጥም። ለእኛ ግን ፍርድ ቤቱ እሳቸው ነበሩ። ሁለታችንም እሺ አልን፤ እኔ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ነገሩ ትኩስ እያለ ይለቅ ስለተባለ በማግስቱ የፓስፖርት ፎቶ ወደሚያነሳ መድኃኒት ቤት ሄድን። ካሜራ የያዘችው ልጅ ፊቴን አይታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እስኪሻልሽ ብትቆዪስ፣ ይሄ እኮ አሥር ዓመት አብሮሽ ይኖራል አለችኝ። ባሌ ቀድሞኝ «ኢትስ ኦኬ» አላት። የእሱ ፎቶ ላይ ፋሻው በሸሚዙ ኮሌታ ስለተሸፈነ ሙሽራ ይመስላል። የእኔ ፎቶ እንደተመታሁ ነው።

ፓስፖርቶቹ እንደመጡ ሽማግሌው ቤት ወሰድናቸው። የእኔን ገልጠው ፎቶውን አዩ፣ ዘጉት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሚስታቸው ሻይ ይዘው ከኋላቸው ቆመው ነበርና እሳቸውም አዩት። ዓይናችን ተገጣጠመ። ከዚያ ስኳር ስንት እንደምፈልግ ጠየቁኝ።

ሁለት ወር ያህል ሰላም ሆነ። በየሰፈሩ ሰው ቤቱን ፎርክሎዝ ተደርጎ በባንክ የሚነጠቅበት ዘመን ስለነበር ጉዞው ረክሶ ነበር፤ ባሌ ባልኮኒ ያለው ክፍል ያዘ። ከመርከቡ ሰዎች የመጣውን ወረቀት ፕሪንት አድርጎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈው። አንድ ማታ ለእራት የክብር ልብስ ይለበሳል ይላል፣ የማቅለሽለሽ ኪኒን ያዙ ይላል። አሮጊቷ ደግሞ አስተማሪዬ ሆነች። ልብስ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል አለችኝ፤ አልጋዋ ላይ የእሷን የሌሊት ልብሶች እየጠቀለልኩ ተለማመድኩ። ካልሲ ጫማ ውስጥ ይገባል። ሻንጣ መርከቡ ውስጥ ክፍል እስኪደርስ ሰዓታት ስለሚፈጅ ቅያሪ ልብስ በእጅ ይያዛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ባሌም ሰው የሆነ መሰለኝ፤ ሞኝ ነኝ።

መሄጃችን አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እንደገና ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሻንጣዎቹን አልጋው ላይ ዘርግተን እየሸከፍን ነበር። ለክብሩ እራት የገዛሁትን ቀሚስ እተኩሳለሁ። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ትከሻው ክፍት ነው። ባሌ አነሳና በብርሃን አየው።

«ይሄን ለብሰሽ ማን ሊያይሽ ነው?»

«ዓሣ» አልኩት።

የሻንጣ ምልክት የምቆርጥበትን መቀስ አንስቶ ቀሚሱን ከደረቱ እስከ ወገቡ ሰነጠቀው። ቸኩሎ አይደለም፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ነበር የሚቆርጠው። እኔም ካውያውን አንስቼ ክንዱ ላይ ለጠፍኩት። የሥጋው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ሻንጣው ላይ በጀርባዬ ጣለኝ። የሻንጣው ጠርዝ ወገቤ ውስጥ ገባ። ሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጉሮሮዬ ላይ ነበሩ፤ ፊቱ በጣም ቀርቦኝ ስለነበር ጠዋት የበላውን እንቁላል አሸተትኩ። ጥፍሬን ጉንጩ ውስጥ ቀብሬ ጎተትኩ፣ አልለቀቀኝም። ጣራው መጨለም ሲጀምር በለሆሳስ ተናገረ።

«ታገሺ፣ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረሽ። ባልኮኒ ነው የገዛሁልሽ። ባሕር ላይ ፖሊስ የለም፣ ናይን ዋን ዋን የለም።»

ከዚያ ለቀቀኝ። ክንዱን ቧንቧ ስር አቀዘቀዘና ተመልሶ ሸሚዞቹን መጠቅለል ጀመረ፤ እኔ እንዳስተማርኩት እየጠቀለለ። ከማነቁ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ሽማግሌው ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ፓርክ ያደረግኩትም ሣሩ ላይ ነበር። ሳሎን ብቻቸውን ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። ድምፄ ተዘግቶ እንደ ፉጨት ነበር የሚወጣው።

«ጋሼ፣ ፓስፖርቴን ይስጡኝ።»

አንገቴን አዩ። «ምን አድርገሽው ነው?»

«በካውያ አቃጠልኩት።» አልዋሸሁም።

«ሶ ሁለታችሁም አጥፍታችኋል» አሉ፣ እፎይ እንዳለ ሰው። «አሥራ አንድ ቀን ቢቀር ነው። ማለቴ፣ መንገድ ልብ ያላላል። አብራችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

«ባሕር ውስጥ ሊወረውረኝ ነው። በአፉ ነገረኝ።»

«የተናደደ ሰው ስንቱን ይላል።»

«ፍርድዎ እንዲህ አልነበረም።»

«ፍርድ ይሻሻላል፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ባሌን ረስቼ እሳቸውን ጠላሁ። መኪናዬን አስነስቼ ፓስፖርት ሳልይዝ ብሸሽ ማን ይከለክለኛል? ግን ካሳው የእኔ ነበር፣ በጥርሴ የገዛሁት። ለእሱም ለእሳቸውም ትቼው አልሄድም።

«እርስዎ ያለ ቲኬት አንድ መኪና በዚያ በር አያሳልፉም» አልኳቸው። «እኔን ግን ለገዳይ ያሳልፉኛል።»

ብድግ አሉ። ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ተነሳ። ሊመቱኝ ይሁን በሩን ሊያሳዩኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያወቁት ከወጥ ቤት ትሪ ይዘው የገቡት ሚስታቸው ናቸው፤ እጁ ወደ እኔ ተነስቶ እያለ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ የቀበሩት እሳቸው ነበሩ። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ተንኳኩ። እኔም አየሁ፣ ሽማግሌውም አዩ። እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

ሚስትየው ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሄደው መሳቢያውን ከፈቱና የእኔን ፓስፖርት ፎቶው ላይ ገልጠው ባላቸው ዓይን ስር ያዙት። ሁልጊዜ በአንቱታ ሲያናግሯቸው ነበር የምሰማው።

«ይህቺን አይተሃታል» አሉ። «እኔም አይቻታለሁ። ምን ብለህ ነበር የፈረድከው?»

ሽማግሌው ተቀመጡ። ሴትየዋ ፓስፖርቴን እጄ ላይ አኖሩልኝ፣ የባሌን ጡት መያዣቸው ውስጥ ከተቱት። «የእሱ እዚህ ይቀራል። ፍርዱ እንደሱ ነበር።»

«ሻዩ ይቀዘቅዛል» አሉ ሽማግሌው።

ማንም አልጠጣም። ሴትየዋ እስከ መኪናዬ ሸኝተውኝ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ኦኬ፣ አሁን ወዴት ትሄጃለሽ?»

«እንጃ እትዬ።»

«ለአሥራ አንዱ ቀን ተደበቂ። ከዚያ መርከብሽ ላይ ውጪ። ካሳሽ ነው።»

ዴንተን ውስጥ የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ሶፋ ላይ ተደበቅሁ። ባሌ በሦስተኛው ቀን ፓስፖርቱን ሊያስመልስ ሽማግሌው ቤት ሄዶ የበሩን መስታወት በጎማ መፍቻ አረገፈው። ሴትየዋ በተሰበረው መስታወት በኩል ምድጃ ላይ አቃጠልኩት አሉት፤ ውሸታቸውን ነበር፣ ጡታቸው ላይ ነው። ሽማግሌው ሊያረጋጉት ብለው ወጡና በመፍቻው ትከሻቸው ተሰበረ። ፖሊስ የጠሩት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። በእሳቸው ሲደርስ ስም መጥፋቱም ማኪኒ መድረሱም ትዝ አላላቸውም። ይህን ስሰማ ሳቅኩ፣ ጉሮሮዬን አመመኝ፣ ደግሜ ሳቅኩ። ክፉ ሳቅ ነበር፣ አልጸጸትበትም።

ባሌ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ከእስር ተለቀቀ። ያለ ፓስፖርት አውሮፕላን ላይ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ኤርፖርቱን ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ እያንዳንዱ በር ላይ ስንት ዓመት ሰው ጭኖ አራግፏል። የመሄጃዬ ዕለት ባልደረባዬ በሩ ላይ ድሮፕ አደረገችኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በቆሙት ታክሲዎች ሁሉ ውስጥ የሾፌር ፊት አየሁ። እሱ ታስሮ ሳለ ቤት ገብቼ ያወጣሁት ሻንጣ ነው፤ የተቀደደውንም ቀሚስ በትልልቅ ስፌት ሰፍቼው ውስጡ ጠቅልዬዋለሁ።

የአየር መንገዱ ባንኮኒ ላይ ያለችው ሴት ፓስፖርቴን ገለጠች። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

«ይሄ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

አንገቴ ላይ ያሰርኩት ሻርፕ ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። «ሁለት ሰው ነው የሚለው። ሌላኛውስ?»

መያዣ ሆኖ ቀርቷል ልላት ነበር፤ ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ አስረዳታለሁ? «አይመጣም» አልኳት። ሻንጣዬን ራሷ አንስታ የሻንጣ ማጓጓዣው ላይ አደረገችልኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ የእሱ ነው። የእጅ ቦርሳዬን አላስቀመጥኩበትም። አስተናጋጇ ውሃ ሰጠችኝ፣ ይዤው ተቀመጥኩ። የሚገባውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱን አየሁ፤ ክንዱ ላይ ፋሻ ያለው አንድ ሰው ሲገባ ጥፍሬ መዳፌን ቀደደው፣ ሌላ ሰው ነበር። በመጨረሻ በሩ ተዘጋ። ያኔ ውሃውን ጠጣሁ። ለመዋጥ አሁንም ያመኝ ነበር።