ዶሮዋን ለልክ የወሰዱት ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «እማማ ቀስ በሉ» ይላቸዋል። ቸኩሎ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ከአፋቸው የሚሰማው ይህንኑ ነው። ልብሱን በሰፋፊ ስፌት ያዝ ያዝ አድርገው መጀመሪያ ባለቤቱን ያለብሱታል፤ ቁም፣ ተቀመጥ፣ እጅህን አንሳ ይሉታል። ከዚያ በፊት የስፌት መኪናቸው አይነካውም። እድሜ ልካቸውን ሲሰፉ «ጠበበኝ» ብሎ የተመለሰባቸው ሰው የለም።

አንድ ሰሞን ግን ችኮላ ቤታቸው ድረስ መጣባቸው። የጓሮ ዶሮዎቻቸው አጥር ላይ ሲያድሩ ሽለምጥማጥ ለምዶ ሁለቱን ወሰደ። አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ላባ መጥረግ አንገሸገሻት።

«እትዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትያለሽ፤ የእኛ በሽለምጥማጥ ሆድ ሄደ! ዛሬ ቤት ካልገቡ፣ የቀሩትን ነገ ገበያ አወጣቸዋለሁ።»

እህታቸው ያለችውን አታጥፍም። ዶሮዎቹ ደግሞ እማማ ሲሰፉ እግራቸው ሥር የሚተኙ፣ የመኪናው ድምፅ ሲቋረጥ ቀና ብለው የሚያዩዋቸው ናቸው። እማማ ቀስ በሉ አለቂት የሚሏትን ጥቁሯን ዶሮ ብብታቸው ሥር ወሽቀው አናጢው ዘንድ ሄዱ። አለቂት ካደረችበት ሌሎቹ አይርቁም።

«ምነው እማማ፣ ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?» አለ አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ።

«ልኳን ልታይ ነው፣ ልጄ።»

አናጢው እስኪያስለው ሳቀ። ቀይ ቀለም የተቀባ የዶሮ ቤት አሳያቸው። «የሙሽራ ቤት ይመስላል! ብቻ የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን እንዳይጥሉ።»

እማማ በመስኮቱ ሽቦ ቀዳዳ ሁለት ጣታቸውን ሰደዱ። «የእኔ ጣት ካለፈ የሌባውም እጅ ያልፋል» አሉ በቀስታ። አለቂትም ገብታ ወዲያው ወጣች። ሁለተኛው ቤት ቆጡ ቀጭን ዱላ ነበር፤ ወጥታ ተንገዳገደችና ዘለለች።

«እማማ፣ ዶሮ እኮ ናት! ምሳዬ ቀዘቀዘ።»

«ቀስ በል፣ ልጄ።» ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰጋቱራው ላይ ተቀመጡ።

አለቂት ሰጋቱራውን እየጫረች ጥግ ደረሰች። እዚያ ካረጀ በር ተሠርቶ ሳያልቅ የተተወ፣ ቀለም ያልቀመሰ ቤት ነበር። ገባች። ውስጡ የተጋደመው ሰፊ ጣውላ ላይ ወጥታ እግሯን አጠፈች፣ ላባዋን ነፋች፣ ዓይኗን ከደነች።

«እሱማ አላለቀም! ደግሞ መልኩን አይተውታል?»

«ልኳ ይሄ ነው። በርና መቀርቀሪያ ግጠምለት፤ ሽቦውን ደቃቁን አድርግልኝ።»

አናጢው ዶሮዋን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ምሳውን ትቶ መዶሻውን አነሳ።

ሲመሽ ቤቱ ጓሮ ቆመ። እህታቸው እጇን አጣምራ ደጃፉ ላይ ትጠብቃለች። አለቂት አንገቷን አስገባች፣ መልሳ አወጣች።

«አየሽ!»

«ቀስ በይ።»

አለቂት ገባች። ሌሎቹም ተከታትለው ገቡ። አንዷ አንካሳ ቄብ ግን ዞር ብላ ወደ አጥሩ አመራች። እማማ ቀስ በሉ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪነሱ እህታቸው ደርሳ፣ ቀሚሷን ዘርግታ ትመልሳት ጀመር።

«ግቢ እንጂ! ምን ትንቀባረሪያለሽ!»

አስገብታት በሩን ራሷ ቀረቀረች። ከዚያ ማንም እንዳላያት ሁሉ ሁለት ጣቷን በሽቦው ልትሰድ ሞከረች። አልገባም።

«እትዬ» አለች ዞር ሳትል፣ «ነገ ሰጋቱራ አምጪላቸው፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል።»