አሜሪካዊቷ ደራሲና የእህቴ ሰርግ

የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የጻፈች አንዲት አሜሪካዊት ደራሲ አለች፤ ነፍሴ ናት። የከበርቴ ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ልብስ፣ ግብዣና ጋብቻ እንጂ ልቦለድ መጻፍን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት አልጋዋ ውስጥ ሆና ትጽፋለች፤ የጨረሰችውን ወረቀት ወለል ላይ ትጥለዋለች፣ ሌላ ሰው ለቅሞ በታይፕ ይመታዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ባነሳሁ ቁጥር ተማሪዎቼ «በዚህ ብርድ እኛስ ከብርድ ልብስ ሳንወጣ ብንፈተን?» ይሉኛል። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ሀብታም አሜሪካዊት ለእኛ ምናችን ናት? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» እያለ ይተርበኛል።

ይተርበኝ። እኔ የወደድኳት በድፍረቷ ነው። ያሳደጋትን ሰፈር ሳትራራ ጻፈችው። በልቦለዶቿ ማንም አይጮህም፣ ማንም አይሳደብም፤ ሰው የሚባረረው በፈገግታ ነው። ትዳሯን ከፈታች በኋላም አንገቷን ሳትደፋ መጻፏን ቀጠለች። እኔም ባሌን የፈታሁ ሰሞን መጽሐፎቿ ከትራስጌዬ አይጠፉም ነበር።

በዚያው ሰሞን የታናሽ እህቴ ሰርግ ደረሰና መዘዞ፣ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ የሙሽራው ወገኖችም የካህን ቤተሰብ። በሰርጉ ጠዋት እናቴ ትከሻዬን እየደባበሰች፣ «ድንኳኑ ይበርዳል ልጄ። ጓዳ እሳቱ ዳር ብትሆኚ አይሻልሽም?» አለችኝ።

የመዘዞ ብርድ ለእኔ ብርቅ ነው እንዴ? ተወልጄ ያደግሁበት! ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ባሏን የፈታች ልጇ በሙሽራው ወገኖች ፊት እንዳትታይባት ነው። ቃሏ ማር ነበር፤ ያመመኝም እሱ ነው። ያቺን ደራሲ ባላነብ ኖሮ «እናቴ እኮ አሳቢ ናት» ብዬ ጓዳ እውል ነበር።

ሆድ ይፍጀው ማለት አልሆነልኝም። ወጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ከእንግዶቹ መካከል ተቀመጥኩ። እናቴ የወጥ ሳህን ይዛ ስትመጣ አየችኝና ቀጥ አለች። አጠገቤ የነበሩት የሙሽራው አክስት ቀና ብለው፣ «ይህችስ ልጅ የማን ናት?» ሲሉ ጠየቋት።

እናቴ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ድንኳኑ ሁሉ ጆሮ የሆነ መሰለኝ።

«የእኔ ናት፤ የበኩር ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ትዳሯን ፈታ ቤቷ ገብታለች።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአክስትየዋ በፊት ለእኔ ወጥ አወጣችልኝ።