አንድ ማንኪያ አጥሚት በኧርግ

አባቴ አምቦ ውስጥ የአንድ እህል ወፍጮ ቤት ሞተሪስት ነበር። ስለ ሞተሩ ሲያወራ ልጁን የሚያሞግስ ይመስላል፤ እኔን እንኳ እንደዚያ አሞግሶኝ አያውቅም። ከደንዲና ከሸነን እህል ጭነው ለሚመጡት ሁሉ «የአሥራ ሁለት ፈረስ ጉልበት አለው» ይላቸዋል። አንዳንዱ ፈረሶቹ የት እንደታሰሩ ሲጠይቀው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሳቁ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ጉሮሮውን ያመው ጀመር። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ አለው፣ ቀጥሎ ፍትፍቱ። አዲስ አበባ ወስደነው ሐኪሞቹ ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ እንዳለ ነገሩንና፣ የሚችለውን እየቀመሰ ቤቱ ይረፍ አሉን። ቤቱ ይረፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናቴ አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። ከበላ ይድናል ብላ ቁርጥ አደረገች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሌላ ጉዳይ አልነበረም፤ በላ ወይስ አልበላም፣ እሱ ብቻ ነበር ወሬያችን።

የሚወርድለት የአጃ አጥሚት ነበር፣ እሱም በማንኪያ እየተደረገ። እናቴ ትለምነዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ በማርያም ትለዋለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እኔም ሁለቱንም ማየት እየከበደኝ ደብተሬን ይዤ ራስጌው እቀመጥ ነበር።

በዚያ ሰሞን የፊዚክስ አስተማሪያችን የኃይል መለኪያዎችን ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ መለወጥ ያስተምረን ነበር፤ ካሎሪን ወደ ጁል፣ ጁልን ወደ ኧርግ። ኧርግ ከሁሉም የምታንስ ናት፤ አንዲት ትንኝ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል የምታወጣት ጉልበት ናት በሏት ብሎናል። የመማሪያ መጽሐፋችን ጀርባ ላይ ደግሞ የምግብ ካሎሪ ሰንጠረዥ አለ፤ አጃም አልቀረበት። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ አልጋ አጠገብ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ እናቴ የያዘችውን ማንኪያ አጥሚት ወደ ኧርግ ለወጥኩት። ዜሮው አላልቅ አለኝ።

«አባባ፣ ይቺ አንድ ማንኪያ እኮ ከአራት መቶ ቢሊዮን ኧርግ ትበልጣለች!»

«ቢሊዮን ስንት ነው?»

«ሺህ ጊዜ ሚሊዮን።»

የትንኟንም ነገር አጫወትኩት። ስንት ሳምንት የፈዘዘው ዓይኑ በራ። «ይሄን ሁሉ ትንኝ ልታስውጪኝ ነው?» አለና አፉን ከፈተ። ዋጠ። ሌላም ተጨመረለት፣ እሱንም ዋጠ።

ከዚያ በኋላ ያለ ኧርግ አልበላም አለ። እናቴ ኧርግ ምን እንደሆነ ባታውቅም ወደደችው፤ ማንኪያውን ስታነሳ «በይ ቁጥሩን ንገሪው» ትለኛለች። እነግረዋለሁ፣ ያሾፍብኛል፣ ይውጣል። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ አባቴን የማድነው እኔ መሰለኝ።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት አብሮት የሚሠራው መዛኝ ሊጠይቀው መጣ። «አካም ጅርቱ ኦቦ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶት ተቀመጠ። አባቴ በዚያች በቀጠነች ድምፁ የቢሊዮኑን ወሬ አጫወተው። ሰውየው ደስ ሊያሰኘው ብሎ፣ «ዋቅዮ! ይሄማ ሞተራችንን ሊበልጠው ነው! በፈረስ ሲሆንስ ስንት ይመጣል?» አለ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። መጽሐፉ ላይ የለም አልኩ።

«አለ እንጂ። ሞተር የተጻፈበት መጽሐፍ ፈረስ አያጣም። አውጪው።»

እንግዳውን ክንዱን ይዤ ከቤት ባስወጣው ደስ ባለኝ። ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ወረቀት ላይ አሰላሁት፣ ተሳስቼ በሆነ ብዬ ደግሜ አሰላሁት። አልተሳሳትኩም። አባቴ ቀኑን ሙሉ ታግሎ የሚውጣት አጥሚት፣ ከነቢሊዮኗ፣ ያንን ሞተር አንድ ደቂቃ እንኳ አታዞርም ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየኝ ስለነበር ሌላ ነገር መናገር አልቻልኩም። እውነቱን ነገርኩት።

«ሞተሩ ለመሞቅም ከዚያ በላይ ይፈልጋል» አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ የለበትም፤ ስለ ሥራው የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እንግዳው እግዜር ይማርህ ብሎ ወጣ።

እራት ላይ አጥሚቱ ሲቀርብ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ እንግዳው ሲመጣ ገበያ ስለነበረች የሆነውን አታውቅም። ለመነችው፣ በማርያም አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ተቆጣች። «ምን ሆነሽ ነው ዝም የምትዪው? ያንን ትልቁን ቁጥር ንገሪው እንጂ!»

ደብተሬን ከደንኩት።

«ንገሪው፣ ልጄ» አለች፤ አሁን የምትለምነው እኔን ነበር።

«አራት መቶ ቢሊዮን ነው፣ አባባ» አልኩ። እንባዬ ቀድሞኝ ነበር።

አባቴ ቀስ ብሎ ፊቱን መለሰ። ያየው እኔን አልነበረም፤ እናቴን ነበር። አንሶላው ላይ እንዳይንጠባጠብ ግራ እጇን ከማንኪያው በታች ዘርግታ ትጠብቀዋለች። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ አፉን ከፈተላት።

አልወረደለትም። አጥሚቱ በከንፈሩ ጠርዝ ተመልሶ በጢሙ ላይ ፈሰሰ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችለት፣ «እሰይ፣ በላልኝ» አለች።